የአንጀት ሆርሞን ካንሰርን ይወልዳልን? «ኦሜፕራዞልን ዛሬውኑ አቁሙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ፣ አልፎም ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን ባይገልጹም የሕክምና መጻሕፍትን ማገላበጣቸው ያስታውቃል። ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው፤ የጨጓራ፣ የቆሽትና የአንጀት ካንሰር ምንጩ አንጀታችን ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ የጨጓራ መድኃኒት የሆነው ኦሜፕራዞል ይህን ሆርሞን ስለሚያበዛ ዛሬውኑ መቆም አለበት፤ ሆርሞኑን የሚገታ መርፌ ከተገኘ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ለድሃ አገር ሕመምተኛ እንዳይደርስ ተደብቋል፤ መርፌውን ያጣ ሰው በረጅም ጾምና በፌጦ ሆርሞኑን አድርቆ ካንሰሩን ማስራብ ይችላል፤ ለስኳር ሕመም የሚሰጡት አዳዲስ መርፌዎችም ከዚሁ ወገን ስለሆኑ የቆሽት ካንሰር ያመጣሉ። በዚሁ አካባቢ በፋርማሲ ባለሙያነት ስለምሠራና ጽሑፉን ይዘው የሚመጡ ደንበኞች እየበዙ ስለሄዱ ነጥብ በነጥብ ምላሽ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅድሚያ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልናገር። አንጀት ምግብ የሚያልፍበት ቱቦ ብቻ ሳይሆን ሆርሞን አመንጪ አካል ነው ማለታቸው እውነት ነው። እንዲያውም «ሆርሞን» የሚለው ስያሜ ወደ ሕክምና የገባው በአንጀት ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት የለንደን ተመራማሪዎች የቀጭን አንጀት መነሻ ሴክሬቲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም እየላከ ቆሽትን እንደሚያዝ ካሳዩ በኋላ፣ ስታርሊንግ በ1905 ለዚህ ዓይነቱ መልእክተኛ የጋራ ስም አወጡለት። ከእነዚህ ሆርሞኖች አንዳንዶቹ ሕዋሳት እንዲራቡ የማድረግ ኃይል እንዳላቸውም አያከራክርም። የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጸሐፊው «ሆርሞኑ ድርሻ አለው» ከሚለው ተነሥተው «ሆርሞኑ ምንጩ ነው» ወደሚለው ሲሻገሩ በመሃል ያለውን ማስረጃ ሁሉ ዘለውታል።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ጋስትሪን ስለተባለው ሆርሞን ነው። ጋስትሪን ከጨጓራ የታችኛው ክፍል ይመነጫል፤ ምግብ ሲገባ ወደ ደም ይወጣና በጨጓራው የላይኛ ክፍል ያሉ ሕዋሳት ሂስታሚን እንዲለቁ፣ በዚያም አማካይነት አሲድ እንዲመነጭ ያደርጋል። ከዚህ ሥራው ጎን ለጎን የጨጓራን ሽፋን ያሳድጋል። ጸሐፊው «የሚያሳድግ ከሆነ ካንሰርንም የሚወልደው እርሱ ነው» ይላሉ። ይህ አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ በጨጓራ ካንሰር ከሁሉ በላይ መጠቃት የነበረባቸው ጋስትሪናቸው ከልክ ያለፈ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ደግሞ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 ዞሊንገርና ኤሊሰን የተባሉ አሜሪካውያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በቆሽት ላይ የበቀለ ዕጢ ጨጓራን በአሲድ የሚያጥለቀልቅበትንና ተደጋጋሚ ቁስለት የሚያመጣበትን ሕመም ገለጹ፤ ኋላም ዕጢው የሚያመነጨው ጋስትሪን መሆኑ ታወቀ። የእነዚህ ሕመምተኞች ጋስትሪን ለዓመታት ከጤነኛ ሰው ብዙ እጥፍ ሆኖ ይቆያል። ሆኖም በጨጓራቸው ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚበቅለው ጸሐፊው የሚያስፈራሩን የተለመደው ካንሰር ሳይሆን ሂስታሚን አመንጪ ከሆኑት ሕዋሳት የሚነሣ ሌላ ዓይነት ዕጢ ነው፤ እርሱም ቢሆን በአብዛኛው የሚታየው ከጋስትሪኑ በተጨማሪ በዘር የተወረሰ የጂን ጉድለት ባለባቸው ላይ ነው። ጋስትሪን ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እንግዲያስ በብዙ የጨጓራ ካንሰር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ጋስትሪን ከፍ ብሎ የሚገኘው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ጸሐፊው ፊትና ኋላውን አዛውረውታል። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ ሲሰፍር፣ ጋስትሪንን የሚቆጣጠረውን ሶማቶስታቲን የተባለ ሌላ ሆርሞን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ስለሚያዳክም ጋስትሪን ይጨምራል። ባክቴሪያው በጨጓራ ሽፋን ላይ የሚያስነሣው ቁጣ (ብግነት) ለብዙ ዓመታት ሲቆይ ደግሞ አሲድ አመንጪው የጨጓራ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል፤ አሲዱ ሲቀንስ አካሉ አሲድ ለማግኘት ሲል ጋስትሪንን ይበልጥ ያፈስሳል። ኮሎምቢያዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ፔላዮ ኮሬያ እንደዘረዘሩት፣ የተለመደው የጨጓራ ካንሰር የሚመጣው ከቁጣ ወደ መሳሳት፣ ከመሳሳት የጨጓራው ሽፋን የአንጀትን መልክ ወደመያዝ፣ ከዚያም ወደ ሕዋሳት መበላሸት በደረጃ በሚሄድ የብዙ ዓመታት ለውጥ ነው። በዚህ ጉዞ ውስጥ ጋስትሪን ሌላ የለኮሰውን እሳት የሚያራግብ እንጂ ራሱ ክብሪት የሚጭር አይደለም። ክብሪቱ በአብዛኛው ባክቴሪያው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ኤች ፓይሎሪን በተረጋገጡ የካንሰር አምጪዎች ረድፍ የመደበው፣ ባክቴሪያውን ያገኙት ማርሻልና ዋረንም በ2005 የኖቤል ሽልማት የተሸለሙት በከንቱ አልነበረም። በአገራችን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን ይዞት ይኖራል። ከተያዙት ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው ለጨጓራ ካንሰር የሚዳረጉት ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ብቻ ስለሆኑ መሸበር አያስፈልግም፤ ባክቴሪያውን በመድኃኒት ማጥፋት ግን አደጋውን ከሲሶ እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። ይህን ያህል ትልቅ ጉዳይ በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም።

ሁለተኛው ነጥብ ኦሜፕራዞል ነው፤ ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ሁለት ፍሬ ብቻ የጎደለለትን የኦሜፕራዞል ስትሪፕ ከታጠፈ ወረቀት ጋር ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይኼን መልሱልኝ፤ ካንሰር ነው ይላሉ» አሉኝ። «አባቴ፣ ለምን ታዘዘልዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው ለልብ ሕመማቸው በየቀኑ አስፕሪን እንደሚወስዱ፣ ባለፈው ዓመት ጨጓራቸው ደምቶ ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር ነገሩኝ። እንዲህ ላለ ሰው ኦሜፕራዞልን ማቆም ማለት ገና ለገና ይመጣል ከተባለ አደጋ ለመሸሽ ብሎ በቅርብ ወደሚያውቀው የደም መፍሰስ መመለስ ነው። ወረቀታቸውን ሳነበው «ዛሬውኑ አቁሙ» የሚለው መስመር በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ኦሜፕራዞል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ዕድሜ ልካቸውን ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው አይጦች ጨጓራ ላይ ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት ዕጢ ታይቶ ነበር። መድኃኒቱ አሲድን ስለሚቀንስ ጋስትሪን መጨመሩም እርግጥ ነው፤ በሰው ላይ ግን ጭማሪው ባመዛኙ መጠነኛ ሲሆን መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። ይህን ስል መድኃኒቱ ምንም ጥያቄ አይነሣበትም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ሰፊ ጥናት ኤች ፓይሎሪ ከጠፋላቸው በኋላ ይህን የመድኃኒት ወገን ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙ ሰዎች ላይ የጨጓራ ካንሰር ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ መገኘቱን ዘግቧል። ጸሐፊው «ከእጥፍ በላይ» የሚለውን ይዘው ሮጠዋል፤ ያልነገሩን ግን ጭማሪው ሲሰላ አሥር ሺህ ሰው ለአንድ ዓመት ቢከታተሉት አራት ሰው ገደማ መሆኑን፣ ጥናቱም የታዘበ እንጂ የሞከረ አለመሆኑን ነው። አስቀድሞ ጨጓራው የተጎዳ ሰው ሕመሙ ስለሚብስበት መድኃኒቱን አብዝቶ ሊወስድ ይችላልና መድኃኒቱ ካንሰሩን አመጣው ወይስ የተጎዳው ጨጓራ መድኃኒቱን አስወሰደ የሚለውን እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን አይለይም።

በድንገት ማቆም ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። መድኃኒቱን ለወራት የወሰደ ሰው ባቆመበት ሳምንት የተከማቸው ጋስትሪን አሲዱን ከቀድሞው በላይ ያፈስሰዋል፤ ቃጠሎው ለጥቂት ሳምንታት ይብሳል። ጽሑፉን አንብቦ ያቆመ ሰው ይህን ቃጠሎ «ካንሰሩ ጀመረኝ» ብሎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም። ያለ በቂ ምክንያት ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች እንዳሉ እኔም በየቀኑ የማየው ነገር ነው፤ ለእነርሱ የሚበጀው ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ መተው ነው። ኦሜፕራዞል የግድ መቋረጥ ያለበት ጊዜም አለ፤ የኤች ፓይሎሪ የሰገራ ምርመራ ከመደረጉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት መድኃኒቱ ካልቆመ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ጽሑፉ ስለ ማቆም ያን ያህል ሲያወራ ለአንባቢ የሚጠቅመውን ይህን አንዱን ማቆም አለማንሣቱ ይገርማል።

ሦስተኛው «ተደበቀ» የተባለው መርፌ ነው። ሶማቶስታቲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ የሆኑት ሮዤ ጊዬማን በአእምሮ ውስጥ ስለሚመነጩ ሆርሞኖች ባደረጉት ምርምር በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሶማቶስታቲን ብዙዎቹን የአንጀት ሆርሞኖች የሚገታ ሲሆን በደም ውስጥ የሚቆየው ግን ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ኦክትሪዮታይድ የተባለ ረጅም ዕድሜ ያለው ምስያው ተሠራ፤ በአሜሪካ በ1988 ፈቃድ አገኘ፤ በኋላም በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ሆኖ ቀረበ። የተደበቀ ነገር የለም፤ በሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ዋጋው ውድ፣ አቅርቦቱም አስቸጋሪ ነው ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር።

ዋናው ጥያቄ ግን ማንን ይጠቅማል የሚለው ነው። ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከቆሽት የሚነሡ ካንሰሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። አብዛኞቹ ከሽፋን ሕዋሳትና ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሡ፣ አዴኖካርሲኖማ የሚባሉ ናቸው። ጥቂቶቹ ደግሞ ሆርሞን ከሚያመነጩት ሕዋሳት ራሳቸው የሚነሡ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች ሲሆኑ፣ ጀርመናዊው ኦበርንዶርፈር በ1907 «ካርሲኖይድ» ብሎ ከተለመደው ካንሰር የለያቸው እነዚህን ነው። በእነዚህ ዕጢዎች ላይ የሶማቶስታቲን ተቀባዮች፣ ማለትም ሆርሞኑ የሚያርፍባቸው የሕዋስ ክፍሎች፣ በብዛት ስለሚገኙ መርፌው የሚይዘው አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ፕሮሚድ በተባለ ሙከራ፣ የመካከለኛው አንጀት ዕጢ ካለባቸው 85 ሕመምተኞች መካከል ኦክትሪዮታይድ የተወጉት ሕመማቸው ሳይባባስ የቆየው በመካከለኛ ግምት 14.3 ወር ሲሆን መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት 6 ወር ብቻ ነበር። በ2014 የወጣው ክላሪኔት የተባለው ሙከራ ደግሞ ላንሪዮታይድ በተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይባባስባቸው የቆዩት 65 በመቶ፣ ያለ መድኃኒቱ ግን 33 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ከዚያም በኋላ ይህንኑ ተቀባይ ዒላማ አድርጎ ሉቴሲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ወደ ዕጢው የሚያደርስ ሕክምና መጥቶ በአሜሪካ በ2018 ፈቃድ አግኝቷል። ይህ በአንጀት ሆርሞን ምርምር ውስጥ ከሁሉ የላቀ ፍሬ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁንና መርፌዎቹ ባብዛኛው ዕጢውን ባለበት ያቆሙታል እንጂ አያጠፉትም።

በአዴኖካርሲኖማ ላይስ? ተሞክሯል፤ አልሠራም። በቆሽት አዴኖካርሲኖማ ዋነኛው የሶማቶስታቲን ተቀባይ ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚገኝ መርፌው የሚይዘው የለውም፤ በጉበት ካንሰር የተደረገው ሰፊ ሙከራም ዕድሜ አላራዘመም። በጋስትሪን ላይ ፀረ አካል እንዲፈጠር የሚያደርግ ክትባት ሳይቀር ተሠርቶ ነበር፤ ከኬሞቴራፒ ጋር ተደርቦ ለቆሽት ካንሰር ሕመምተኞች ሲሰጥ ከኬሞቴራፒው ብቻ የተለየ ውጤት አላመጣም። ኮሌሲስቶኪኒን ለተባለው ሌላ የአንጀት ሆርሞን ተቀባይ መዝጊያ የሆነ መድኃኒትም በቆሽት ካንሰር ላይ ተሞክሮ ዕጢውን አላሳነሰም። ጸሐፊው የአፕል ኩባንያ መሥራች የነበረውን የስቲቭ ጆብስን ስም አንሥተው «የቆሽት ካንሰር ይዞት ስምንት ዓመት የኖረው በሆርሞን ሕክምና ነው» ይላሉ። ጆብስ በ2003 የተገኘበት የቆሽት ሕመም ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ እንደነበር በይፋ የታወቀ ነው፤ በ2004 ቀዶ ሕክምና፣ በ2009 የጉበት ንቅለ ተከላ ተደርጎለት በ2011 አረፈ። የእርሱን ዕድሜ ወስዶ አዴኖካርሲኖማ ላለበት ሰው ተስፋ አድርጎ መስጠት አይገባም፤ ባዮፕሲ (ከዕጢው ለምርመራ የሚቆረጥ ናሙና) ተወስዶ የዕጢው ዓይነት ሳይለይ ስለ መርፌ ማውራትም ትርጉም የለውም።

ስለ ጾም የተጻፈው ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል። ስንጾም ጋስትሪን እንደሚቀንስ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ግሬሊን የተባለው የረኃብ ሆርሞን ይጨምራል፤ ጸሐፊው አንዱን ሆርሞን ቆጥረው ሌላውን ትተዋል። ዕጢው ስኳርንም፣ የፕሮቲን ቅንጣቶችንም ከሕመምተኛው ጡንቻ ላይ እየነቀለ ይወስዳል እንጂ ሰውየው ስላልበላ አይራብም። የጨጓራና የቆሽት ካንሰር ያለበት ሰው ዋነኛ ጠላቱ ክሳት ነው፤ የከሳ ሰው ቀዶ ሕክምናውንም ሆነ ኬሞቴራፒውን መቋቋም ያቅተዋል። በዚህ ረገድ የአንጀት ሆርሞን ምርምር ያመጣው መፍትሔ ጸሐፊው ከሚሉት ፍጹም ተቃራኒ ነው። ግሬሊን በ1999 በጃፓናውያን ተመራማሪዎች ከተገኘ በኋላ የእርሱን ሥራ የሚሠራ አናሞሬሊን የተባለ እንክብል ተዘጋጅቶ፣ በ2021 በጃፓን የጨጓራ፣ የቆሽት፣ የትልቁ አንጀትና የአንድ ዓይነት የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ከክሳት እንዲያገግሙ ተፈቅዷል። ሆርሞኑ የተፈለገው ሰውየው እንዲበላ ነው ማለት ነው። የታመመ ሰው ከጾም የሚፈታበት ሥርዓት በክርስትናም ሆነ በእስልምና ያለ ስለሆነ የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት አዋቂን ማማከር ይቻላል፤ ካንሰር ለያዘው ሰው አጥሚትም ሆነ እንቁላል ነፍስ ነው።

ፌጦን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በፌጦ ጋስትሪን ወይም ሌላ የአንጀት ሆርሞን «ደርቆ» ካንሰር ስለመፈወሱ በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ጸሐፊው አላቀረቡም። የቆሰለ ጨጓራ ላለው ሰው በባዶ ሆድ ፌጦ በሎሚ ማዘዝ ግን ጭካኔ ነው።

የስኳር መርፌዎቹ ጉዳይ የመጨረሻው ነው። ሴማግሉታይድንና መሰሎቹን የሚያካትተው ይህ ወገን ጂኤልፒ አንድ የተባለውን የአንጀት ሆርሞን የሚመስል ነው። የቆሽት ካንሰር ያመጣሉ የሚለው ሥጋት ከአሥር ዓመት በፊት በእርግጥ ተነሥቶ ነበር፤ የአሜሪካና የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በጋራ መርምረው በ2014 ባወጡት መግለጫ በእጃቸው ያለው ማስረጃ መርፌው ካንሰሩን እንደሚያመጣ አያሳይም ብለዋል። ከዚያ ወዲህ በ2024 የታተመ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የስኳር ሕመምተኞችን መዝገብ የተመለከተ ጥናት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከሚያመጣቸው 13 ካንሰሮች በ10ሩ ኢንሱሊን ከሚወስዱት ይልቅ እነዚህን መርፌዎች የሚወስዱት ያነሰ አደጋ እንዳለባቸው አግኝቷል። በእኔ በኩል ይህን ጥናት ይዤ «መርፌው ካንሰርን ይከላከላል» አልልም፤ ከላይ የሆንግ ኮንጉን ጥናት በጥንቃቄ እንዲነበብ ያልኩበት ምክንያት እዚህም ይሠራል።

ጸሐፊው ለክርክራቸው ሊጠቀሙበት ሲችሉ ያለፉት አንድ ምሳሌ ግን አለ። ከጂኤልፒ አንድ ጋር ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ጂኤልፒ ሁለት የተባለ ሆርሞን አለ፤ የአንጀትን ሽፋን ያለ ጥርጥር ያሳድጋል። የእርሱ ምስያ የሆነው ቴዱግሉታይድ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና ላጠረ ሰዎች ይሰጣል፤ ነባር እባጭን ሊያሳድግ ስለሚችል መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ትልቁ አንጀት በመሣሪያ ታይቶ እባጭ ካለ እንዲወጣ ይደረጋል። ሆርሞን የማሳደግ ኃይል አለው ሲባል ሐኪም የሚያደርገው ይህን ነው፤ መድኃኒቱ የሚያስፈልገውን ሰው ለይቶ፣ አደጋውን አስቀድሞ መርምሮ፣ ከዚያም መከታተል።

ለጸሐፊው አንድ የተለየ ጥያቄ አለኝ። ሌላውን ሁሉ ባይለውጡ እንኳ «ዛሬውኑ አቁሙ» የሚለውን አንቀጽ አውጥተው በቦታው የሚከተለውን እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ፤ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ወይም ደም የሚያስመልሰው፣ ሰገራው እንደ ቅጥራን የጠቆረ፣ ደም ማነሱ ምክንያቱ ያልታወቀ፣ እንዲሁም የሆድ ሕመሙ በጎልማሳነት ዕድሜው ገና የጀመረው ሰው ኦሜፕራዞል ቢያስታግሰውም ሳያስታግሰውም ወደ ሐኪም ሄዶ ጨጓራው በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) እንዲታይ። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በቃሊቲ በኩል መሀል ከተማ ደርሶ መመለስ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ወረፋውም ቀላል አይደለም። የጨጓራ ካንሰር ገና ከሽፋኑ ሳያልፍ ከተገኘ ግን በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ተሰራጭቶ ሲገኝ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም።